ታካች ሰፈር እንዴት መሬት ሆነ

በወለላ በር ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ዝቅ ብሎ ሐይቁ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት በኩል፣ ታካች ሰፈር የሚባል መንደር አለ። የከተማው ሰው ስሙን በሰማ ቁጥር ይስቃል፤ ወደዚያ የተዳረች ሴት እንኳ «የት ገባሽ?» ስትባል ስሙን ዋጥ አድርጋ «ወደ ታች በኩል» ብላ ታልፋለች። የሰፈሩ ሰው ግን ስሙን አይለቅም። አንድ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ደህና ስም ላውጣላችሁ ብሎ በብረት ምሰሶ ላይ ሰሌዳ ቢያቆም፣ ክረምት ሳይወጣ ሰሌዳው ዘምሞ ዘምሞ ተኛ። ማንም አልነካውም። የሰፈሩ መሬት እንዲህ ነው፤ ከባድ መኪና በላይኛው መንገድ ሲያልፍ መደርደሪያ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል፣ የመብራት ምሰሶው በየሁለት ዓመቱ ካልተቃና አይቆምም፣ እንግዳ ሰው ሲራመድበትም ከእግሩ ሥር የሚተነፍስ ነገር ያለ ይመስለዋል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው የሚነገረው የይርገዱ ታሪክ ነው።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ሰፈሩ የቆመበት ሁሉ ውኃ ነበር፤ በውኃውም ላይ ውኃ አዳሪ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከየት እንደመጡ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። አንዱ በክፉ ቀን ከማዶ ተሻግረው የመጡ ናቸው ይላል፤ ሌላው ከከተማው በፊትም ነበሩ ይላል። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር መሬት ያልነበራቸው መሆኑ ነው። የብሱ ሁሉ በአባት በአያት የተያዘ ርስት ነበርና ርስት የማይባለው ውኃው ብቻ ቀረላቸው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል ያጭዳሉ፣ በእስር በእስር ያስሩታል፣ እስሩን በእስር ላይ እያነባበሩ እንደ አውድማ የሰፋ ተንሳፋፊ ወለል ያበጃሉ፣ በወለሉም ላይ ጎጆ ይቀልሳሉ። ምድጃቸው በጭቃ በተለሰነ መደብ ላይ ነው። ዶሮ በእግሯ፣ የሚድህ ሕፃን በወገቡ ከምሰሶው ጋር ይታሰራል። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት የሚጫጫረው በታንኳ ነው። ቤቶቻቸው ከገበያው ዳር በገመድ ታስረው በተርታ ይሰለፉ ነበርና፣ የከተማው ሴት ሁሉ ዓሣና የደንገል ምንጣፍ ለመግዛት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከቤት ወደ ቤት ትረግጥ ነበር ይባላል። ከተማው ያለ እነሱ ዓሣ አይቀምስም፤ እነሱም ያለ ከተማው እህል አያዩም። ከዳሩ መሬት ባለቤቶች ጋር የነበራቸውም ውል አጭር ነው፤ ቤቱ የሚንሳፈፍ ይኑር፣ አንዲት ቤት መሬት የነካች ዕለት ግን ሁሉም ይነሣ።

ደንገል ደግሞ ብረት አይደለም። ከሥር ያለው ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው ይከብዳል፣ ቤቱም እየዋለ እያደረ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ የተነሣ በየዓመቱ፣ ክረምት ወጥቶ ሐይቁ ሞልቶ ሲተኛ፣ ገፈፋ የሚሉት ሥራ ነበራቸው። ቤቱን ወደ ጥልቁ ይገፉታል፤ ስድስት ጎልማሶች ወገባቸው ላይ ገመድ አስረው እየጠለቁ የበሰበሰውን የታች ወለል በማጭድ እየቆረጡ ለሐይቁ ይሰጡታል፤ ከዚያ አዲስ እስር ከላይ ይነጠፍና ቤቱ ሌላ ቦታ ሄዶ ይታሰራል። ሦስት ቀን ሙሉ ዕቃው ታንኳ ላይ ነው፣ ሰዉም ታንኳ ላይ ነው። ሥራው በወንፈል ነው የሚሠራው፤ ስድስት ሰው የጠለቀለት ሰው እሱም በተራው ለስድስቱ ይጠልቃል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ገፍፎ ገፍፎ ሲሞት፣ ቤቱ ከሞተበት ቀን ጀምሮ እንደገና መስመጥ ይጀምራል። ይህን ኑሮ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት እንደ ቀልድ የማይሰማው።

ይርገዱ የቢያድግልኝ ሚስት ነበረች። የሰፈሩ ሰው ዛሬም ድረስ እንደ ቤቱ ሰው ይርገዱ ይላታል እንጂ አንቱ አይላትም፤ እዚህም እንደዚያው ትባል። ቢያድግልኝ በጠላቂነቱ የታወቀ ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ይዞ ገብቶ ሌላው ሰው በሦስት ትንፋሽ የማይቆርጠውን ቆርጦ ይወጣል ይሉለታል። በተጋቡ በአራተኛው ዓመት፣ በውኃ አዳሪዎቹ አለቃ በአያ ጓንጉል ቤት ሥር ገብቶ ሲገፍፍ፣ የተቆረጠው ወለል ተንሸራትቶ ወገቡ ላይ ተጫነው። በሕይወት አወጡት። ከወገቡ በታች ግን ከዚያ ቀን በኋላ የራሱ አልሆነም።

የመጀመሪያው ጥቅምት ሲመጣ አያ ጓንጉል ራሳቸው አምስት ሰው ይዘው መጥተው የይርገዱን ቤት ገፈፉላት። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ሰው መጣ፤ ሦስት ሰው ደግሞ ገፈፋ አይሠራም፣ ምሳ በልቶ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት የመጣ የለም። ክፋት አልነበረም፤ ወንፈል የሚመልስላት ወንድ በቤቷ የለም፣ ልጅ አልወለደች፣ የሰዉም ጉልበት የሚቆጠር ነው። ይርገዱ ባሏን አገላብጣ፣ አጥባ፣ አብልታ፣ የዓሣ ቅርጫቷን አውጥታ፣ ገበያ ቆማ፣ ምንጣፍ ጎንጉና ስትጨርስ፣ ሰው ልለምን ብላ በየቤቱ ለመቅዘፍ የተረፋት ክንድ አልነበረም። ቤቷን የታሰረበት ጥግ ላይ እንዳለ ተወችው። ጎረቤት ስትጠይቃት «ዘንድሮስ ይለፈኝ» አለች። በዓመቱም ይህንኑ አለች። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃት አልነበረም።

ያልተገፈፈ ቤት ይሰምጣል። እንዳይሰምጥ ደግሞ ከላይ በላይ መጨመር ነው። ይርገዱ በየማለዳው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አንድ እስር ደንገል አጭዳ አምጥታ ወለሉ ላይ ትጥልና በእግሯ ትረግጠዋለች። አንድ እስር ለአንድ ቀን ይበቃል። ገና ስትጥለው እግሯ ይደርቃል፤ ወደ ማታ ገደማ ውኃው ቀስ ብሎ በጣቶቿ መካከል ይመጣል። በማግሥቱ ሌላ እስር። ሰው ግን የሚያየው የሠራችውን ሳይሆን ያልሠራችውን ነውና፣ ታካች የሚል ስም ያወጡላት በዚህ ጊዜ ነው ይባላል። ገበያ ውስጥ ዓሣውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ትተኛ ነበርና፣ ስሙን ለማጽደቅ ምስክር አልጠፋም። ደግ ገዢ ዓሣውን ቀስ አድርጎ ከእጇ ወስዶ ዋጋውን በመዳፏ ያኖርላታል፤ ክፉው ዓሣውን ብቻ ይወስዳል። ከውኃ አዳሪዎቹ ሁሉ በዓመት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ደንገል የምታጭድ እሷ ብቻ ነበረች፤ የተቀሩት በዓመት ለሦስት ቀን ጠልቀው ትጉ ይባሉ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሄደ። በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም አፍንጫ አስነጥሶ የሄደ ያህል ሆነ። ሐይቁ መሸሽ ጀመረ። ውኃ አዳሪዎቹ ገመዳቸውን እየፈቱ ውኃውን ተከትለው ቤታቸውን ወደ ውስጥ ገፉ። አንድ ማለዳ ይርገዱ እስሯን ተሸክማ ስትገባ ቢያድግልኝ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አገኘችው።

«ይርገዱ።»

«አቤት።»

«ሞቻለሁ እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«ቤቱ ዝም አለ» አላት። «ከተኛሁ ጀምሮ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።»

ይርገዱ እስሩን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። እውነቱን ነው፤ ቤቱ አይወዛወዝም። ወጥታ የወለሉ ጠርዝ ላይ ሄዳ አንድ እግሯን ወደ ውኃው ዘረጋች፤ ውኃ የለም። ጥቁር፣ ርጥብ፣ ሲረግጡት ወርዶ የሚመለስ ነገር ነው እግሯን የተቀበለው። ከጎጆው በስተኋላ የጣለችው የዱባ ፍሬ በቅሎ ሐረጉን ዘርግቷል፤ መቼ እንደበቀለ አላየችም። ደስ አላት ወይስ ደነገጠች ተብሎ ሲጠየቅ ሽማግሌዎቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ እስሩን አወረደችና ላዩ ላይ ቁጭ ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።

የቀሰቀሷት አያ ጓንጉል ናቸው። ታንኳቸውን እስከሚደርስበት ገፍተው፣ የቀረውን በጭቃ ተራምደው መጥተዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ከኋላቸው ወሬ የሰማው ሁሉ በታንኳ ላይ ቆሞ ያያል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ መሬት ነክቷል።»

«አየሁት፣ አያ ጓንጉል።»

«ካየሽው ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ባላምባራስ ናደው ይህን ከሰሙ ሁላችንንም ነው የሚያስነሡን። አርባ ቤት ነን! ዛሬ ነገ ሳትይ አፍርሺው፤ ደንገሉን ወደ ውኃው መልሺው።»

ይርገዱ ቤቷን ዞራ አየችው። ለማፍረስ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተጣለን ነገር ማን ያነሣዋል? ውስጡ ደግሞ ባሏ ተኝቷል።

«አልችልም» አለች።

«እንዴት አትችይም?»

«ደክሞኛል፣ አያ ጓንጉል። ላፍርሰው ብል ጉልበት የለኝ፣ ልተወው ብል እናንተን አስነሣለሁ። ላም እሳት ወለደች እንደሚሉት ሆነብኝ። እንዲያው ማፍረሱን ከፈለጋችሁት መጥታችሁ አፍርሱት፤ እኔ ቢያድግልኝን ይዤ ታንኳ ላይ እወጣለሁ።»

አያ ጓንጉል ወደ ጎጆው በር አዩ። ከውስጥ የሰው ሳል ይሰማል። ያን ሰው መደብ ላይ ያስቀረው የማን ቤት እንደነበረ ለእሳቸው የሚነግራቸው አያስፈልግም ነበርና፣ ወደ ታንኳቸው ተመለሱ ይባላል።

ወሬ ክንፍ አለው፤ በሦስተኛው ቀን ባላምባራስ ናደው በበቅሎ መጡ። የገበያው ዳር ሁሉ የእሳቸው ርስት ነበር፤ ከዋርካው እስከ ሐይቁ ከንፈር። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ በአለንጋቸው ወለሉን ነካ ነካ አድርገው፣ ሐይቁ ሲሸሽ የሚተወው መሬት የባለ ዳሩ ነውና ሴትዮዋ ትልቀቅ፣ የተቀሩትም ውሉ ፈርሷልና ከመስቀል በፊት ይነሡ ብለው ሄዱ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እነዚህን ሰዎች ግን ሊወስዳቸው የመጣው ደረቅ መሬት ነው። አርባ ቤት ሰው በዚያ ቀን እሳት ሳያነድ ዋለ። ወዴት ይሂዱ? ማዶውም የሰው ነው፣ ወዲህም የሰው ነው። ይርገዱ ግን ባላምባራስን ተከትላ በእግሯ ገበያ ወጣች፤ ዳኛ ፊት ቆመችና «አቤት» አለች።

የገበያው ዳኛ አዛዥ ሣህሉ ይባሉ ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ነገር የሰለቻቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ በዚያ ቀን ብቻ ዐሥራ ዘጠኝ ሙግት ሰምተው እግራቸውን ዘርግተው ነበር አሉ። ይርገዱ ነገረ ፈጅ አልነበራትም። ባላምባራስ ኩታቸውን አጣፍተው ቆሙ።

«የምድር ጠባይ የታወቀ ነው! ሐይቁ ሲሞላ የሐይቁ፣ ሲሸሽ የባለ ዳሩ። ከአያቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። ይህች ሴት የያዘችው ሐይቁ የተወውን መሬት ነው። ተጠየቂ!»

«ልጠየቅ» አለች ይርገዱ። ድምፅዋ እንደ ተሟጋች የጎላ አልነበረም፤ ከኋላ ያለው ሰው ምን አለች እያለ ተጠያየቀ። «ሐይቁ የተወው ከሆነ የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ። እኔ ግን ሐይቁ የተወውን አልያዝኩም። እኔ የያዝኩት ሐይቁ በየቀኑ የወሰደብኝን ነው።»

«ምን ማለቷ ነው?» አሉ አዛዥ።

«አፈር አይደለም፣ ጌታዬ። ያስቆፍሩት።»

«አፈር ነው እንጂ!» አሉ ባላምባራስ። «ዱባ በቅሎበታል፣ ዓይኔ ያየውን! በበቅሎዬ እወራረዳለሁ!»

ዳኛው ወደ ይርገዱ ዞሩ። በዚያ ዘመን በሙግት ባለጋራ ሲወራረድ አለመወራረድ መረታት ነበር።

«በቤቴ» አለች። «ሌላ ምን አለኝ።»

አዛዥ ሣህሉ በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ። የገበያው ሰው ከኋላ ተግተለተለ፤ ውኃ አዳሪዎቹ በታንኳ መጥተው በጭቃው ዳር ቆሙ። የይርገዱ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከባላምባራስ ወገን ሁለት፣ ከውኃ አዳሪው ሁለት ሰው ሆነው መቆፈር ያዙ። የመጀመሪያው ክንድ የያዝነው ዓመት ደንገል ነው፣ ገና ቢጫ። ከዚያ ቡናማ። ከዚያ ጥቁር። ባላምባራስ «ቀጥሉ!» ይላሉ። ጥቁሩ እየባሰ ሄደና በእጅ ሲጨምቁት እንደ ጭቃ የሚንጠባጠብ ሆነ፤ ባላምባራስም አንዱን ጭብጥ አንሥተው ለዳኛው አሳዩ።

«ይኸው! ይህ አፈር ካልሆነ አፈር ምንድን ነው?»

እውነትም አፈር ይመስል ነበር። ይርገዱ ራሷ ለአፍታ ልቧ ከዳት፤ ድካም እንደዚህ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም ነበርና። ከዚያ ተንበርክካ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባች፣ በዳሰሳ ፈለገችና አንድ ነገር ጎትታ አወጣች። የልጥ ማሰሪያ ነው፤ ደንገሉ በስብሶ ከውስጡ ቢያልቅም ማሰሪያው እንደ ቀለበት ሆኖ ቀርቷል። ውኃ አዳሪ ሁሉ እስር ሲያስር የየራሱ ቋጠሮ አለው፤ በማዕበል ወይም በጎርፍ የሄደ እስር ቢገኝ ቋጠሮው ታይቶ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይርገዱ ደግሞ ግራኝ ነበረች፤ የእሷ ቋጠሮ ከሁሉም ቋጠሮ ተቃራኒ ይዞራል።

«ይህ የማን ነው?» ብለው አዛዥ ጠየቁ።

መልሱን የሰጡት አያ ጓንጉል ናቸው። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው «የይርገዱ ነው» አሉ። «እኛ ታካች ያልናት የይርገዱ ነው።»

ሌላ አወጡ፤ የእሷው ነው። ሌላ፤ የእሷው። ቆፋሪዎቹ ወደ ታች ሲወርዱ ጭቃ የመሰለው ሁሉ በውስጡ ማሰሪያ ይዞ ይወጣ ጀመር፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያ ቁጥሩን ተዉት። የሰው ቁመት ያህል ሲደርሱ ውኃ ከሥር ፈልቆ ጉድጓዱን መሙላት ያዘ፤ ከውኃው ጋርም አንድ ማሰሪያ ተንሳፍፎ ወጣ። ይርገዱ አንሥታ አየችው። ወደ ቀኝ ይዞራል።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ያላለቀሰች ሴት እዚያ ላይ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሰው ሁሉ እያያት፣ ዳኛ ፊት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማሰሪያውን ለዳኛው ሳታሳይ ይዛ ወደ ጎጆዋ ገባችና ባሏ መዳፍ ላይ አኖረችው። ቢያድግልኝ በጣቱ ዳሰሰው፤ አዙሮ ዳሰሰው።

«የኔ እጅ ነው» አለ። ድምፁ ውጭ ላለው ሰው ተሰማ። «ያኔ፣ ደህና ሳለሁ ያሰርኩት ነው። ከየት አገኘሽው?»

«ከታች ነበር» አለችው። «አንተ ነህ ከታች ያለኸው።»

አዛዥ ሣህሉ የሚሰሙትን ሰምተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፍርዳቸው ረጅም አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት እሳቸውም ደክሟቸው ነበር። «ባላምባራስ፣ አፈር አላገኙም። ከላይ እስከ ታች ያለው የዚህች ሴት ጉልበት ነው፤ ከጉልበቷ በታች ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ የማንም ርስት አይደለም። ቤቷ መሬት አልነካም፤ የቆመው በራሱ ላይ ነው። ውሉ አልፈረሰም። በቅሎዋን ይስጧት» አሉ። ባላምባራስም ኩሩ ሰው ነበሩና ልጓሙን በገዛ እጃቸው አምጥተው ሰጧት፤ በቅሎዋ ግን ወለሉ ሲረገጥ ሲንቀጠቀጥባት አልገባም ብላ ድርቅ አለች። በማግሥቱ ይርገዱ «ለዚህች ደግሞ ማን ሣር ያጭዳል?» ብላ መልሳ ላከችላቸው ይባላል።

ያን ማታ አያ ጓንጉል መጥተው ደጃፏ ላይ ቆሙ። «ያን ቀን ከቤቴ ሥር እንዲገባ ባላዝዘው ኖሮ» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉት፣ አያ ጓንጉል» አለች ይርገዱ። «ዛሬ ደክሞኛል። ሌላ ቀን እንጣላለን።»

ሌላ ቀን አልተጣሉም። በጥቅምት፣ የገፈፋው ጊዜ ሲደርስ፣ አያ ጓንጉል ቤታቸውን ወደ ጥልቁ በመግፋት ፈንታ ወደ ይርገዱ ቤት ጎን ገፍተው አሰሩት፤ ማጭዱንም ሰቀሉት። ቀጥሎ አንድ ቤት መጣ፣ ቀጥሎ ሦስት። ውኃው ተመልሶ ሞላ፣ ሸሸ፣ ሞላ፤ ቤቶቹ ግን ከቦታቸው አልሄዱም፤ በየማለዳው አንዳንድ እስር እየተጣለባቸው እንደ እሷ ቤት ወደ ታች ወረዱ፣ ወርደውም ቆሙ። በሃያ ዓመት ውስጥ በቤት መካከል በታንኳ መሄድ ቀረ። የሚድህ ሕፃን ወገቡ ተፈታ። እንግዳ ሲመጣና የሰፈሩን ስም ሲጠይቅ አያ ጓንጉል «ታካች ነው» ይሉት ነበር፤ በመጀመሪያ እንደ ንስሐ፣ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ስም።

ይርገዱ ግን ማረፍ አልሆነላትም። ነገሩ ሁሉ የሚያስተክዘው እዚህ ላይ ነው። ወለሏ ከደረቀ፣ ዱባዋ ካፈራ፣ ዶሮዋ ሳትታሰር መሬት ከጫረች በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ትነሣና አንድ እስር ደንገል አጭዳ አምጥታ ደጃፏ ላይ ትጥላለች፣ በእግሯም ትረግጠዋለች። ቢያድግልኝ ከመደቡ ሆኖ ይጣራል።

«ይርገዱ፣ ቁጭ በይ። ቤቱ አይሰምጥም።»

«ማን ያውቃል» ትለዋለች።

«ዳኛው ያውቃል፣ አገር ያውቃል። ቁጭ በይ።»

«አንድ ናት፤ እሷን ብቻ ልጣልና።»

በነጋታውም አንድ ናት። ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው እንጣልልሽ አሏት፤ እሺ ብላ ተኛች፤ ጎሕ ሲቀድ እንደገና ማጭዷን ይዛ ወጣች። ቢያድግልኝ ሞተ፤ በዚያው በቤታቸው ጎን፣ የሰው መሬት ሳይለመንለት ተቀበረ፤ እሷ ከቀብሩ በማግሥቱም አንድ እስር ጣለች። እግሯ ውኃ አለመኖሩን ያውቅ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ልቧ ግን ማመን አልቻለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት በየማታው ውኃ በጣቶቹ መካከል የመጣበት ሰው ደረቅ መሬት ቢሰጠው ምን ያደርግበታል? በመጨረሻ አንድ ቀን ጧት፣ እስሯን ተሸክማ ስትመለስ መንገድ ላይ ዐርፋ ተገኘች፤ እስሩ ከትከሻዋ አልወረደም ነበር።

ዛሬ ታካች ሰፈር ሜዳ ነው፤ ከመካከሉ ግን የይርገዱ ጉብታ የሚባል፣ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ሰፈር ከዚያ የበለጠ ከፍታ የለም። በከባድ ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ወደየቤቱ ሲገባ፣ የሰፈሩ ሰው ልጁንና ምንጣፉን ይዞ የሚወጣው ወደዚያ ነው፤ እስከ ዛሬም ውኃ ደርሶበት አያውቅም ይባላል። በጉብታው ላይ መቆም ነውር ነው። የወጣ ሰው ሽማግሌም ሆነ ጎረምሳ፣ ወዲያው ይቀመጣል። በቅርቡ አንድ የከተማው ቀያሽ ሦስት እግር ባለው መሣሪያው ተደግፎ ቆሞ ሲለካ፣ አንዲት ሴትዮ ከበራፏ ሆና «ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ» አለችው። «ሥራ ላይ ነኝ» ቢላት፣ «እሱንማ አየን» አለችው፤ «እሷ ሳትቀመጥበት ቀርታ ነው። እባክዎ እርስዎ ይቀመጡላት።»